«ተከታታይ» ስንል ምን እየቆጠርን ነው?

«ሮቤ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘነበ» ሲባል ሁላችንም የገባን ይመስለናል። ግን ሰባ ሁለት ሰዓት ሳያባራ ነው የዘነበው ወይስ በየቀኑ ዘንቦ በመሐል ፀሐይ ወጣች? «ኮንሴክዩቲቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለተኛውን ነው የሚገልጸው። ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ «መከተል» ነው፤ ነገሮች ሳይዘለሉ አንዱ ባንዱ ላይ መምጣታቸውን ያመለክታል። ሳያባራ ለሚዘንበው «ኮንቲኒየስ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። እኛም «ያለማቋረጥ» የሚል አለን፤ ግን ሁለቱንም «በተከታታይ» ብለን እናልፋለን።

ዋናው ጥያቄ የሚቆጠረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2009 በዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝቷል። ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ስለነበር አራት ተከታታይ ሻምፒዮናዎች እንጂ አራት ተከታታይ ዓመታት አይባልም።

እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። ለክፍል ሥራ ስለ ድርቁ የሚያወራ የእንግሊዝኛ ዜና ስተረጉም «ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ዝናብ ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። ከባሌ ቆላ የመጣ ጓደኛዬ አነበበውና «አምስት ዓመት ሙሉ ካልዘነበማ እዚያ ማን ይተርፍ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። ዜናው የሚለው አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ነው። በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ዝናብ በዓመት ሁለቴ ይጠበቃል፤ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አምስቱም ወቅቶች ሳይሳኩ ቀሩ። በዓመት ሲታሰብ ሁለት ዓመት ተኩል አይሞላም። «አንድ ወቅት ቢቀር ከብቱ ከስቶ ይቆያል፤ ቀጣዩ ሲዘንብ ያገግማል» አለኝ ጓደኛዬ። የቃሉ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ በመሐል ማገገሚያ አልነበረም ማለት ነው።

በተቃራኒው በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 አጥቅቷቸዋል። በመሐሉ ሰፊ ዓመታት ስላሉ ይሄ «ተደጋጋሚ» እንጂ «ተከታታይ» አይደለም።

ስለዚህ ዜና ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የሚቆጠረው ምንድን ነው? ከመቼ እስከ መቼ? በመሐል የተዘለለ አለ? መልሱን ካላገኘን «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል ባንጽፋት ይሻላል። እኔ የጻፍኩት ለማርክ ነበር፤ ጓደኛዬ ያነበበው ግን የቤተሰቡን ታሪክ ነው።