አጥር የሌለው የድሬዳዋ መናፈሻ

አዲስ አበቤ ልጆቹን አውሬ ሊያሳይ ሲያስብ ስድስት ኪሎ ይወስዳቸዋል። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አንበሳ ግቢ በርም፣ ትኬትም፣ የብረት ፍርግርግም አለው። ድሬዳዋ የመጣ እንግዳ ግን «መናፈሻችሁ የት ነው?» ቢል፣ የከዚራን ሰፈር አሳይቶ፣ ከዚያ ወደ ተራራው ማመልከት በቂ ነው።

ከዚራን ያመጣው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ዳገቱ ስላልተመቸ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ ከተማውም እዚያው ተቆረቆረ። ከደቻቱ ወንዝ በስተምሥራቅ የመጋላ ሰፈር በገበያው ሲደምቅ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የባቡሩ ሰፈር ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፍ ረድፍ ተዘረጋ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሞቃት ወራት ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እዚህ የመናፈሻ ዋና ሀብቱ ጥላ ነው። በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው፣ ቀይ አበባ የሚያፈካው ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ፀሐይ ከመከለሉም በላይ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ አየሩን ያቀዘቅዛል። ጉድለትም አለው፤ በደረቅ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሥሩም ወደ ላይ እየመጣ የእግረኛ መንገድ ይሰነጥቃል። ሁልጊዜ ለምለም የሆነው ኒም አጠገቡ ሲኖር ጥላው አይቋረጥም። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ያርፋል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ከዚራን በእግር መዞር ነው።

አራዊቱ ደግሞ ከተማዋን በከበበው ደረቅ ተራራና ገደል አሉ። ሐማድርያስ የሚባለው ዝንጀሮ የዚህ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ ወንዱ ብርማ ጎፈር አለው፣ ፊቱም ቀላ ያለ ነው። ሃንስ ኩመር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ይህን ዝንጀሮ መጀመሪያ ያጠናው በዙሪክ የእንስሳት ማቆያ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በባቡሩ መስመር ላይ ወዳለችው ኤረር ጎታ መጣ። ያየው ነገር እንዲህ ነው፦ በመቶ የሚቆጠሩ ዝንጀሮዎች ሌሊት አንድ ገደል ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ምግብ ፍለጋ እየተከፋፈሉ ይወርዳሉ። የሁሉም መሠረት አንድ ወንድና ጥቂት ሴቶች ያሉበት ቤተሰብ ነው። ሴቲቱ ራቅ ካለች ወንዱ ማጅራቷን ነክሶ ይመልሳታል። ጠቡ ግን በማቆያው ከታየው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሜዳ ላይ ቀኑ በምግብ ፍለጋ ያልቃል፤ የተባረረም መሸሻ አያጣም። በአጥር ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ስለዚህ ዝንጀሮ ማየት የፈለገ ከርቀት ይመልከት፤ ከመኪና መስኮት ሙዝ መወርወር እንስሳውን ከገደሉ አላቅቆ አስፋልት ላይ ያስቀራል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የመኪና አደጋ ነው። ለማደሪያ የሚሆን ገደል በየቦታው ስለማይገኝ ብዙ መንጋ አንዱን ይጋራል፤ አንድ ገደል ለድንጋይ ማምረቻ ከተቆረሰ የሚሰደደው ብዙ ነው። ከተማዋ ለመዝናኛ የምታወጣው ገንዘብ ካላት፣ ከፍርግርግ በፊት በመጋላ በኩል ዛፍ ብትተክልበትና ገደሉን ብታስከብርበት ይሻላል። ሁለቱም ትኬት አይጠይቁም፤ ድሀው ነዋሪም ልጆቹን ይዞ ይደርስባቸዋል።