በሲጋራ ሱስና በስኪዞፍሬንያ መካከል ያለው የዘር ትስስር

መግቢያ

የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን የሚያክም ባለሙያ ሁሉ በቀላሉ የሚያስተውለው አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ከሕሙማኑ መካከል ሲጋራ የሚያጨሱት ቁጥር ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ያለ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና በ20 አገሮች የተካሄዱ 42 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳመለከተው፣ ከሕሙማኑ መካከል በአማካይ 62 ከመቶ ያህሉ አጫሾች ነበሩ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ብሔራዊ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ደግሞ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የትምባሆ ተጠቃሚው መጠን 5 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ ወገን ብዙዎች፣ በሌላው ወገን ጥቂቶች ሲያጨሱ ልዩነቱ በአጋጣሚ የተፈጠረ ነው ለማለት አያስችልም።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድን ነው? በቤተሰብ ዘንድ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይሰማሉ። አንዳንዶች «ያሳመመው ሲጋራው ነው» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ «የሚያረጋጋው እሱ ብቻ ስለሆነ ተዉት ያጭስ» ይላሉ። የዘር ምርምር ለሁለቱም አባባሎች መመዘኛ የሚሆን ዕውቀት አስገኝቷል።

የዘር ውርስ ድርሻ

በመንታዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፣ በሰዎች መካከል ለስኪዞፍሬንያ ባለው ተጋላጭነት ከሚታየው ልዩነት 80 ከመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ለኒኮቲን ሱስም ይኸው ድርሻ 50 ከመቶ ገደማ ይገመታል። ይህ ማለት ግን የሕመምተኛ ልጅ የግድ ይታመማል ማለት አይደለም። ከወላጆቹ አንዱ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ልጅ በሕይወት ዘመኑ የመታመም ዕድሉ 10 ከመቶ ገደማ ነው፤ ከ10 ልጆች 9ኙ አይታመሙም ማለት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከግማሽ በማይበልጥ ጊዜ ነው። ዘር በር ይከፍታል እንጂ ብቻውን አይወስንም።

በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኙት ዘረ መሎች

አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካዊ መልእክተኛ በአንጎላችን ውስጥ ሥራውን የሚያከናውነው በነርቭ ሕዋሳት ላይ ባሉ ልዩ ተቀባዮች አማካይነት ነው። ከትምባሆ የሚገኘው ኒኮቲንም ከእነዚሁ ተቀባዮች በአንዳንዶቹ ላይ ስለሚያርፍ «ኒኮቲናዊ ተቀባዮች» የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸዋል። እያንዳንዱ ተቀባይ ከ5 የፕሮቲን ክፍሎች የተዋቀረ ሲሆን፣ ክፍሎቹ አልፋና ቤታ እየተባሉ በቁጥር ይለያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጡ ሰፋፊ ጥናቶች አልፋ 5፣ አልፋ 3 እና ቤታ 4 የተባሉትን ክፍሎች የሚያስገኙት ዘረ መሎች በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ጎን ለጎን እንደሚገኙ፣ በዚህ ሥፍራ የሚታይ ልዩነትም አንድ አጫሽ በቀን ከሚያጨሰው የሲጋራ ብዛትና ከሳንባ ካንሰር ጋር እንደሚዛመድ አረጋገጡ። በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንደሚጠቁመው፣ የአልፋ 5 ክፍል ሥራ ሲዳከም ከመጠን ያለፈ ኒኮቲን ሲገባ አንጎል የሚያሰማው «ይበቃል» የሚል ምልክትም ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 36,989 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሕመሙ ጋር የሚዛመዱ 108 የዘር ሥፍራዎችን ሲያሳውቅ፣ ይኸው በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ሥፍራ ከመካከላቸው ተገኘ። በ2022 የታተመውና 76,755 ሕሙማንን ያካተተው ተከታዩ ጥናት የሥፍራዎቹን ቁጥር ወደ 287 አድርሶታል። ስለሆነም ስኪዞፍሬንያን የሚያመጣ አንድ ብቸኛ ዘረ መል የለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት በጥቂት የሚያበረክቱ ብዙዎች ናቸው።

በዚሁ ክሮሞዞም ሌላ አካባቢ የአልፋ 7 ተቀባይ ዘረ መል ይገኛል። ጤናማ አንጎል ተመሳሳይ ድምፅ በተከታታይ ሲሰማ ለሁለተኛው ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ ይቀንሳል። በብዙ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ዘንድ ግን ይህ የማጣራት ችሎታ የደከመ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ጉድለት ከአልፋ 7 ዘረ መል አካባቢ ጋር አያያዙት። ኒኮቲን ጉድለቱን ለአጭር ጊዜ እንደሚያቃና መታወቁም «ሕመምተኛው የሚያጨሰው ራሱን ለማከም ነው» ለሚለው አስተሳሰብ ዋና ድጋፍ ሆነ።

ትስስሩ እንዴት ይተረጎማል?

አንድ የዘር ሥፍራ በሁለቱም ችግሮች መታየቱ ብቻውን ምክንያቱን አይነግረንም። የመጀመሪያው አማራጭ ያው ዘረ መል ለሁለቱም ያጋልጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕመሙ ወደ ማጨስ ይገፋል የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዘረ መሉ ለማጨስ ብቻ ያጋልጥና ማጨሱ በበኩሉ ሕመሙን ያባብሳል ወይም ያመጣል የሚል ነው። ከሕሙማን መካከል አጫሾች ስለሚበዙ፣ የማጨስ ዘረ መል በሕመሙ ጥናት ውስጥ በተዘዋዋሪ ሊታይ ይችላልና ጥንቃቄ ያሻል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥቅል ትንተና፣ የሳይኮሲስ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛቸው ሰዎች 57 ከመቶዎቹ ቀድሞውኑ አጫሾች እንደነበሩ፣ በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎችም የመታመም ዕድላቸው ከማያጨሱት በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ማጨሱ ከሕመሙ ከቀደመ፣ «ራስን ማከም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 የዘር ልዩነቶችን እንደ መመዘኛ በመጠቀም የተደረገ ጥናትም ተጽዕኖው በሁለቱም አቅጣጫ ሊኖር እንደሚችል፣ ነገር ግን ከማጨስ ወደ ስኪዞፍሬንያ የሚሄደው ማስረጃ የበለጠ ጠንካራ መሆኑን ጠቁሟል። ያም ሆኖ አብዛኞቹ አጫሾች በስኪዞፍሬንያ አይታመሙም፤ አንዳንድ የቤተሰብ ጥናቶችም የግንኙነቱ ከፊል የጋራ ተጋላጭነት መሆኑን ያመለክታሉ። አሁን ባለው ዕውቀት ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሰነዶች ምርመራ እንዳጋለጠው፣ የሲጋራ ኩባንያዎች «ሕመምተኛው ትምባሆ ያስፈልገዋል» የሚለውን አስተሳሰብ የሚደግፉ ምርምሮችን በገንዘብ ሲረዱ ቆይተዋል።

ለሕክምናና ለቤተሰብ ያለው ትርጉም

የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ዕድሜ ከሌላው ሰው በአማካይ በ14.5 ዓመት እንደሚያጥር እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትንተና ያስረዳል። በብዙ አገሮች ለዚህ ዋነኞቹ ምክንያቶች ሲጋራ የሚያባብሳቸው የልብና የሳንባ በሽታዎች ናቸው። በቡታጅራ አካባቢ ለ10 ዓመት የተካሄደው ክትትል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው የአገራችን ሰዎች ከዚህም በላይ ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳይቷል። በዚያ የተላላፊ በሽታዎች ድርሻ ከፍተኛ ቢሆንም፣ ሳንባን የሚያዳክም ጭስ ለዚህ የተጋለጠ ሰው ተጨማሪ ሸክም ነው።

የሲጋራ ጭስ መድኃኒቱንም ይነካል። በጭሱ ውስጥ ያሉት የታር ውህዶች በጉበት የሚገኘውን አንድ ኢንዛይም ስለሚያነቃቁ፣ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ከደም ውስጥ ቶሎ ይወገዳሉ። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤና ተቋማት ማጨስን ስለሚከለክል፣ ተኝቶ የሚታከም አጫሽ በድንገት ሲጋራ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ሊጨምርና ሊጎዳው ይችላል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ማጨስ ሲጀምር ደግሞ መጠኑ ይቀንስና ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚገባበትም በሚወጣበትም ጊዜ ስለ ማጨሱ ሊጠይቅ፣ ቤተሰብም ሳይጠየቅ ሊናገር ይገባል።

ማቆም የሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ጨምሮ 8,144 አጫሾችን ያካተተ ሙከራ፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና የኒኮቲን ልጥፍ ለማቆም እንደሚረዱና ከባድ የአእምሮ ጠንቆችን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልጨመሩ አረጋግጧል። አጠቃቀማቸው ግን በሐኪም ክትትል ሊሆን ይገባል። ጫትና ሲጋራ አብረው በሚወሰዱበት ቦታም ስለ አንዱ ብቻ መምከር አይበቃም። ሲጋራን ለመልካም ጠባይ ሽልማት አድርጎ መስጠት፣ በቤትም ሆነ በሕክምና ቦታ፣ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ማጠቃለያ

እስካሁን የተገለጸው የዘር ዕውቀት በአብዛኛው የተገኘው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የተሳተፈበት የሳይኮሲስ የዘር ጥናት ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተነሣ ነው። እስከዚያው ግን ከዘር ምርምሩ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሕመምተኛው እጅ ያለው ሲጋራ የጠባይ ብልሹነት ምልክት አይደለም፤ መድኃኒቱም አይደለም። በከፊል አብሮት የተወለደ፣ ነገር ግን ሊታከም የሚችል ሁለተኛ ሕመም ነው።