የአልበም መውጫ ቀን አንድ ቢሆን ባለሱቁ ምን ይጠቀማል?

የንግድ ዕቃ ሁሉ የየራሱ ወራት አለው። ጨው ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፤ አሶሳ የምትታወቅበት ማንጎ ግን ሰሞኑ ካለፈ በኋላ ለገበያ ቢወጣ ዞሮ የሚያየው የለም። አዲስ የዘፈን አልበምም ከማንጎው ወገን የሚቆጠር ሸቀጥ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ስሙ በተነሣበት፣ ወሬው በተነዛበት ሰሞን ነውና፣ በዚያ ሰሞን ሕጋዊው ቅጂ በሱቅ ካልተገኘ ሕገወጡ ቅጂ ፈጥኖ ቦታውን ይይዛል። ዘግይቶ የሚደርሰው እውነተኛ ዕቃ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ለባለሱቁ ዕዳ ይሆንበታል።

ከዚህ የተነሣ የዓለም የሙዚቃ አሳታሚዎች አንድ ዘዴ አበጅተዋል፤ ይኸውም አንዱን አልበም በሁሉም አገር በአንድ ቀን ማውጣት ነው። ዘዴው እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በአገራችን ምን መልክ እንዳለው፣ በክልላችን ላሉ ነጋዴዎችም ምን እንደሚጠቅም ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

የዓለሙ ሥርዓት

ከ2007 ዓ.ም. በፊት የአልበም መውጫ ቀን በየአገሩ የተለያየ ነበር። በጀርመንና በአውስትራሊያ ዓርብ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሰኞ፣ በአሜሪካ ማክሰኞ፣ በጃፓን ደግሞ ረቡዕ ይወጣ ነበር። ስለዚህ በበርሊን ከተማ ያለ ሰው ዓርብ የሚገዛውን ዘፈን በኒው ዮርክ ያለው ሰው እስከ ማክሰኞ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሸክላና ካሴት በመርከብና በአውሮፕላን በሚጓዙበት ዘመን ይህ ልዩነት ብዙ ጉዳት አልነበረውም። ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ግን የበርሊኑ ቅጂ በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ይደርሳል። ገንዘቡን ይዞ ሕጋዊ ሻጭ የሚፈልገውም ሰው ሻጭ አጥቶ ወደ ሌባው ይሄዳል።

ይህን በማየት የድምፅ ቅጂ ኢንዱስትሪ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በየካቲት 2007 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓት አስታወቀ። ከሐምሌ 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከ45 በሚበልጡ አገሮች አዲስ አልበም ለዓርብ አጥቢያ፣ በየአገሩ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ጀምሮ እንዲወጣ ሆነ። ፀሐይ ለሁሉም አገር በአንድ ጊዜ አትወጣምና ጥቂት ሰዓት መቀዳደም አልቀረም፤ ቢሆንም የቀናቱ ልዩነት ወደ ሰዓታት ወረደ።

ሥርዓቱን የተቃወሙም ነበሩ። አነስተኛ አሳታሚዎች፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንድ ቀን ዕቃቸውን ሲያፈስሱ የእኛ ድምፅ ይዋጣል ሲሉ ተከራከሩ። ባለሱቆችም፣ ዓርብ የወጣው ዕቃ ቅዳሜ ቢያልቅብን የሳምንቱ መጨረሻ ነውና እስከ ሰኞ ተጨማሪ የሚያመጣልን የለም አሉ። ክርክራቸው ለእኛም ትምህርት ይሰጣል፤ የጋራ ቀን መቁረጥ የሚጠቅመው ዕቃው አስቀድሞ በበቂ መጠን ከደረሰ ብቻ ነውና።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የአልበም መውጫ በሳምንቱ ቀን ተለክቶ አያውቅም፤ የሚለካው በበዓል ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ አዲስ ዘፈን ይወጣል፤ ለረመዳንና ለመውሊድ ደግሞ መንዙማና ነሺዳ ይቀርባል። ከዐቢይ ጾም በኋላ ሕዝቡ ዘፈን ስለሚናፍቅ፣ በበዓልም እጁ ለመግዛት ስለሚፈታ፣ ልማዱ በንግድ ዓይን ሲታይ የታሰበበት ነው። ለምሳሌ ያህል የቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ጥቁር ሰው» የወጣው ሚያዝያ 6 ቀን 2004 ዓ.ም. በፋሲካ ዋዜማ ነው። «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ ደግሞ ማክሰኞ ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካው የቢልቦርድ መጽሔት የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆኗል። የአማርኛ ዘፈን ገዢ በአሜሪካም በአውሮፓም እንዳለ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ የመውጫው ቀን ጉዳይ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየቱ ቀርቷል።

ቅጂው ሕገወጥ የሆነበትን መንገድ ለማወቅ ወደ ኋላ ማየት ይበጃል። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጡ፣ ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ፋብሪካ ነበር። ሸክላ ለመስረቅ ፋብሪካ ያስፈልጋልና የሌባው ቁጥር ጥቂት ነበር። ካሴት በመጣ ጊዜ ባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፕ ሪኮርደር ያለው ሁሉ አባዢ ሆነ። ሲዲ ሲተካው ማባዛቱ በደቂቃ የሚፈጸም ሥራ ሆኖ በየመንገዱ አዟሪው በዛ። ዛሬ ደግሞ ሲዲም ራሱ እየጠፋ ነው፤ ዘፈኑ በፍላሽና በሚሞሪ ይጫናል፤ በስልክም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ማባዣው እየቀለለ በሄደ መጠን ሕጋዊው ዕቃ ያለው የመቅደሚያ ጊዜ እያጠረ መጥቷል።

አንድ ክልል፣ ሁለት መንገድ

ይህ ነገር በክልላችን ጎልቶ ይታያል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ዕቃው በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አልፎ በባምባሲ በኩል ይገባል። ዐባይ ክልላችንን ስለሚከፍለው ወደ መተከል ዞን፣ ወደ ግልገል በለስ የሚሄደው ዕቃ በሌላ መንገድ፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዞሮ ይጓዛል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ ምክንያት የወለጋው መንገድ የተቋረጠበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ አንድ አልበም በአንድ ክልል ውስጥ በሁለት ልዩ ልዩ ቀን ይደርሳል፤ ስልክ ግን የመንገድ መዘጋት አያግደውም። በኩርሙክ በኩል ከሱዳን የሚመጣው ዘፈን ደግሞ በክልላችን ብዙ አድማጭ ሲኖረው፣ ባለሱቁ ከሕጋዊ አከፋፋይ ጋር ሊገናኝበት የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው።

መዘግየቱ በባለሱቁ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሲዲ ምሳሌ እናስላው። አንድ ነጋዴ 100 ቅጂ በ50 ብር ገዝቶ 5,000 ብር አስቀድሞ ከፈለ እንበል። በ60 ብር ቢሸጥ፣ ሁሉም ካለቀለት ትርፉ 1,000 ብር ነው፤ የማጓጓዣውን ገና አልቀነስንም። ዕቃው ዘግይቶ 30 ቅጂ ሳይሸጥ ቢቀርበት የሚገባለት 4,200 ብር ስለ ሆነ ትርፉ ጠፍቶ ከዋናው 800 ብር ይጎድልበታል። 17 ቅጂ ብቻ ቢቀርበት እንኳ የገባው 4,980 ብር ነውና ኪሳራ ነው። አባዢው ግን አንዲት ቅጂ በ60 ብር ገዝቶ የፈለገውን ያህል ያወጣል። ይህ ሒሳብ ታማኙን ነጋዴ አንድም ሥራውን እንዲተው፣ አንድም እንደ ጎረቤቱ እንዲያባዛ ይፈትነዋል።

ስለ ሕጉ

የሕግ ጥበቃ የለም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የድምፅ ቅጂ አሳታሚው ሥራውን የማባዛትና የማከፋፈል መብት አለው፤ መብቱም ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። አንድ ግለሰብ ለራሱ መገልገያ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ይፈቀድለታል፤ ለደንበኛ አባዝቶ መሸጥ ግን የተለየ ነገር ነው። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የደነገገ ሲሆን፣ ዕቃው እንዲወረስና እንዲወገድም ፈቅዷል።

ነገር ግን ሕግ የሚሠራው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ክስ እስኪመሠረት ድረስ የአልበሙ ሰሞን ያልፋል፤ ፍርዱም የነጋዴውን ያልተሸጠ ዕቃ አይሸጥለትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቀኑን አስቀድሞ ማስማማት ከፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ይቀልላል።

ምን ቢደረግ ይበጃል

ስምምነቱ በአሳታሚ፣ በአከፋፋይና በባለሱቅ መካከል መሆን ይገባዋል። የሚከተሉት ነጥቦች ቢታሰብባቸው መልካም ነው።

1ኛ፤ የመውጫው ቀንና ሰዓት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ይነገር።

2ኛ፤ ዕቃው ለሩቁ አስቀድሞ፣ ለቅርቡ በመጨረሻ ይላክ። ለአሶሳና ለግልገል በለስ የሚሄደው ከመርካቶው በፊት ይነሣ፤ መንገድ የሚያሠጋ ከሆነም በአውሮፕላን እስከ አሶሳ ይላክ።

3ኛ፤ ካርቶኑ ታሽጎ ይምጣ፤ ተቀባዩም ከተቆረጠው ሰዓት በፊት ላለመክፈት ይፈርም። አስቀድሞ የተላከ ዕቃ አስቀድሞ ሊሰረቅ ይችላልና ያለዚህ ፊርማ ዘዴው ራሱ በር ከፋች ይሆናል።

4ኛ፤ በተወሰነ ጊዜ ያልተሸጠው ይመለስ። የኪሳራው ሸክም በባለሱቁ ብቻ ላይ ከወደቀ ማንም በበቂ መጠን አያዝዝም።

ለእኛ ዓርብ የግድ አይደለም። በአሶሳ ብዙው ነጋዴ ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሱቁን ይዘጋል፤ የበዓሉም ልማድ የተወደደ ነው። ዋናው ነገር ቀኑ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው።

የስልኩ ዘመን

በ2011 ዓ.ም. እንደ ተጀመረው እንደ አውታር ያሉ የአገር ውስጥ የስልክ መሸጫዎች አልበሙን ለአዲስ አበባም ለባምባሲም በአንድ ደቂቃ ያቀርባሉ። በዚህ ረገድ የመንገዱ ርቀት ተወግዷል። ይሁን እንጂ ኔትወርክ የማይደርሰው፣ ወይም በስልክ መክፈል ያልለመደ ደንበኛ አሁንም ወደ ሱቅ መጥቶ ሚሞሪ ጫንልኝ ይላል። ይህን ደንበኛ ሕጋዊ ዕቃ እንዲያገኝ ማድረግ የሚችለው ባለሱቁ ነው። አሳታሚዎች በየከተማው ለታመኑ ሱቆች ፈቃድ ሰጥተው፣ በመውጫው ሰዓት ሕጋዊውን ቅጂ በተወሰነ ዋጋ እንዲጭኑና ድርሻቸውን እንዲወስዱ ቢያደርጉ፣ ዛሬ አባዢ የሚባለው ነገ ወኪል ሊሆን ይችላል።

የጋራ ቀን ሌብነትን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ከወጣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሕገወጡ ቅጂ መምጣቱ አይቀርም። የሚያተርፈው ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው፤ በዘፈን ንግድ ደግሞ ገበያው ያለው በእነዚያ ቀናት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ በክልላችን ያሉ የሙዚቃ ነጋዴዎች ለየብቻ ከአከፋፋይ ጋር ከመደራደር ይልቅ በምክር ቤታችን በኩል ጥያቄያቸውን በአንድነት ቢያቀርቡ፣ ከሚቀጥለው በዓል በፊት ፍሬውን ሊያዩ ይችላሉ።