ርካሽ የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች፦ ፕሮግራም አደራረጋቸውና የተጓዳኝ ዕቃዎቻቸው አመራረጥ

በሆቴሎች፣ በግንባታ ሥፍራዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በሕዝባዊ በዓላት አስተባባሪዎች እጅ በብዛት የሚታዩት፣ በተለምዶ ዎኪ ቶኪ የሚባሉት የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች ዋጋቸው ተመጣጣኝ በመሆኑ አነስተኛ አቅም ላላቸው ድርጅቶች ጭምር ተደራሽ ሆነዋል። የስልክ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ወይም በማይደርስበት ቦታ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለሁሉም ባልደረባ በአንድ ጊዜ መናገር መቻል የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች ከካርቶናቸው እንደወጡ ለሥራ ዝግጁ ናቸው ማለት አይቻልም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአስተባባሪነት በተሳተፈበት አንድ ሕዝባዊ በዓል ላይ የተከሰተውን ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ሬዲዮውን በጃኬቱ ኪስ ከትቶ ይቀመጣል፤ የመናገሪያ ቁልፉ ተጭኖ በመቅረቱም ቻናሉ ለበርካታ ደቂቃዎች ተይዞ ቆየ። በዚያው ሰዓት ከእናቱ የተለየ ሕፃን በአንደኛው በር ተገኝቶ ነበር፤ ለሌሎቹ በሮች በሬዲዮ ማሳወቅ ባለመቻሉ መልእክቱን በሕዝቡ መካከል እየተጋፋ በእግሩ ያደረሰው አንድ አስተባባሪ ነው። እናቲቱ ልጇን ብታገኝም፣ ያ ጊዜ ለእርሷ ምን ያህል ረጅም እንደነበር መገመት አያዳግትም። ችግሩን የሚከላከለው ቅንብር በእያንዳንዳችን ሬዲዮ ውስጥ ነበረ፤ ከበዓሉ በፊት ያስተካከለው ሰው ግን አልነበረም።

ፍሪኩዌንሲው የማን ነው?

ከፕሮግራም ሥራ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ውስን የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመሆኑም የእጅ ሬዲዮ ለመጠቀም የሚፈልግ ድርጅት መሣሪያውን ከመግዛቱ አስቀድሞ ወደ ባለሥልጣኑ ቀርቦ ስለ መሣሪያው ዓይነት ተቀባይነትና ስለሚመደብለት ፍሪኩዌንሲ ማወቅ ይኖርበታል። ገዝቶ ከመጣ በኋላ መጠየቅ ወጪን ለኪሳራ ማጋለጥ ነው።

በገበያ ላይ ከሚታወቁት ሞዴሎች መካከል አንዱ የሆነውን ባኦፌንግ ቢኤፍ-888ኤስን እንመልከት። መሣሪያው በ400 እና በ470 ሜጋኸርዝ መካከል የሚሠራ ሲሆን 16 ቻናሎች አሉት። ስክሪንም ሆነ የቁጥር ቁልፎች ስለሌሉት ቻናል የሚመረጠው በአናቱ ላይ ያለውን ማዞሪያ በማዞር ብቻ ነው። ቻናሎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ተሞልተው ይመጣሉ። እነዚህን ፍሪኩዌንሲዎች የመረጣቸው አምራቹ እንጂ የአገራችን ባለሥልጣን አይደለም፤ በመሆኑም በሕግ ለሌላ ተጠቃሚ የተመደቡ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች ተመሳሳይ ሬዲዮ ገዝተው ምንም ሳይነኩ ቢጠቀሙበት፣ የአንዱ ጥበቃ የሌላውን ጥበቃ ንግግር መስማቱና ሥራውን ማወኩ የማይቀር ነው።

ዩቪ-5አር የሚባለው ሌላው የባኦፌንግ ሞዴል ደግሞ ስክሪንና የቁጥር ቁልፎች ያሉት፣ እስከ 128 ቻናሎችን የሚይዝ፣ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ እንዲሁም ከ400 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ክልል የሚሠራ ነው። የያዘው ሰው ቁጥር በመጫን ብቻ በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ ወደፈለገው ፍሪኩዌንሲ ሊሄድ ይችላል። ለባለሙያ ምቹ የሆነው ይህ ነፃነት ለጥበቃ ወይም ለበር ተቆጣጣሪ ሥራ አላስፈላጊ ከመሆኑም በላይ፣ በስህተት የድንገተኛ አገልግሎት ወይም የጸጥታ አካል መገናኛን ለማወክ በር ይከፍታል። በአዘጋጁ እምነት ሥራቸው ተናግሮ መስማት ብቻ ለሆነ ሠራተኞች ቁልፍ የሌለው መሣሪያ የተሻለ ነው።

ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችንም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በአሜሪካ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ በአውሮፓ ደግሞ በ446 ሜጋኸርዝ የግል ፈቃድ ሳያስፈልግ የሚሠሩ የቤተሰብ ሬዲዮዎች በየመደብሩ ይሸጣሉ። ለዘመድ በስጦታነት ጥንድ ሬዲዮ ይዞ መምጣት ቅን ሐሳብ ነው፤ ሆኖም እዚያ ያለው ነፃነት ከሻንጣው ጋር ወደ ኢትዮጵያ አይሻገርም። ከጉዞ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ በጉምሩክ ከሚያጋጥም እንግልት ያድናል።

ፕሮግራም ማድረግ

ፍሪኩዌንሲው ከታወቀ በኋላ ሥራው በሁለት መንገድ ሊከናወን ይችላል። ዩቪ-5አርን በራሱ ቁልፎች ማስተካከል ይቻላል። ሬዲዮው በፍሪኩዌንሲ ሁነታ ላይ እንዳለ የላይኛው መስመር ተመርጦ ቁጥሩ ይገባል። ቀጥሎ በሜኑ ቁጥር 5 የሞገዱ ስፋት፣ በሜኑ ቁጥር 11 የመቀበያ ቶን፣ በሜኑ ቁጥር 13 የመላኪያ ቶን ይስተካከላል፤ በመጨረሻም በሜኑ ቁጥር 27 ባዶ ቻናል ተመርጦ ይመዘገባል። የተያዘ ቻናል ከቁጥሩ በፊት «ሲኤች» የሚል ምልክት ይታይበታል፤ ባዶው ግን ቁጥር ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል፤ ቶኑ ከምዝገባው በፊት ካልተስተካከለ ከቻናሉ ጋር አይቀመጥም።

ሬዲዮዎቹ ከሁለትና ከሦስት በላይ ከሆኑ ግን በቁልፍ መሥራት ድካም ብቻ ሳይሆን ለስህተት መጋለጥ ነው። ለቻናል ስም መስጠትም በኮምፒውተር እንጂ በቁልፎቹ አይቻልም። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ቺርፕ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ቢኤፍ-888ኤስንም ሆነ ዩቪ-5አርን ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው እርምጃ በሬዲዮው ውስጥ ያለውን መረጃ ወደ ኮምፒውተር ማውረድና ምንም ሳይነኩ ቅጂውን ማስቀመጥ ነው። ብዙዎች ይህን ዘልለው ሲሳሳቱ የሚመለሱበት ያጣሉ። ከአንድ ሞዴል የወረደን ፋይል ወደ ሌላ ሞዴል መጫንም ሬዲዮውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል መወገድ አለበት። መስማት እንጂ መናገር የማይገባባቸው ቻናሎች ካሉም በቺርፕ የመላክ ተግባራቸውን መዝጋት ይቻላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ኬብሉ ነው። ርካሽ የፕሮግራም ኬብሎች በውስጣቸው አስመስሎ የተሠራ ፕሮሊፊክ የተባለ ቺፕ የሚይዙ በመሆኑ፣ አዳዲስ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት የፕሮሊፊክ ድራይቨር አይቀበላቸውም። ኤፍቲዲአይ የተባለ ቺፕ ያለውን ኬብል መግዛት ጥቂት ብር ቢያስጨምርም የግማሽ ቀን ጊዜ ያድናል። ኬብሉ ትክክለኛ ሆኖም ግንኙነት ካልፈጠረ ሶኬቱ እስከ መጨረሻው መግባቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የሬዲዮው የፕላስቲክ ጠርዝ ስለሚያግደው ጠንከር አድርጎ መግፋትን ይጠይቃል።

ቶን ምሥጢር አይጠብቅም

ብዙ ተጠቃሚዎች ሲቲሲኤስኤስ የሚባለውን ቶን እንደ ምሥጢር ቁልፍ ይቆጥሩታል። ይህ አደገኛ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። ቶን ከንግግሩ ሥር አብሮ የሚላክ፣ ጆሮ ልብ የማይለው ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን፣ በጋራ ከሚሠራባቸው መካከል ዝቅተኛው 67 ኸርዝ፣ ከፍተኛው 254.1 ኸርዝ ነው። ተቀባዩ ሬዲዮ ይህን ድምፅ ሲያገኝ ስፒከሩን ይከፍታል፤ ካላገኘ ዝም ይላል። ይህ ማለት ቶኑ የእርስዎን ሬዲዮ ከሌሎች ጫጫታ ያሳርፈዋል እንጂ ንግግርዎን ከማንም አይሰውርም። በሬዲዮው ላይ ቶን ያላስተካከለ ማንኛውም ሰው በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል። የባንክ ገንዘብ እንቅስቃሴ፣ የእንግዶች የክፍል ቁጥር፣ የታማሚ ስም በእንዲህ ዓይነት ሬዲዮ ሊነገር አይገባም።

ሌላም ጉዳት አለው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የተለያየ ቶን የሚጠቀሙ ሁለት ቡድኖች እርስ በርስ ባይሰማሙም፣ አንዱ ሲናገር የሌላውን መልእክት ያፍናል። ሁለቱም ቻናሉ ነፃ መስሏቸው ይናገራሉ፤ አንዳቸውም አይደመጡም። ቻናሉ በተያዘ ጊዜ መላክን የሚከለክለው ቅንብር በዩቪ-5አር በሜኑ ቁጥር 23 ይገኛል፤ ሥራ ላይ እንዲውልም ይመከራል።

በመግቢያው የተጠቀሰውን ችግር የሚከላከለው ደግሞ የመናገሪያ ጊዜ ገደብ ሲሆን፣ በዚሁ ሞዴል በሜኑ ቁጥር 9 ይስተካከላል። ገደቡ 60 ሰከንድ ቢደረግ፣ የመናገሪያ ቁልፉ ተጭኖ ቢቀርም ሬዲዮው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቻናሉን ይለቃል። በአንድ ትንፋሽ ከዚያ በላይ የሚረዝም የሥራ መልእክት የለም።

የሞገዱ ስፋትም ሊዘነጋ አይገባም። 25 ኪሎኸርዝና 12.5 ኪሎኸርዝ የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች ያሉ ሲሆን፣ የሁሉም ሬዲዮዎች ቅንብር በፈቃዱ ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ መሆን አለበት። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሬዲዮዎች ሲቀላቀሉ የአንዱ ድምፅ ደክሞ፣ የሌላው ደግሞ ተቆራርጦ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አንቴና፣ ባትሪና የጆሮ ማዳመጫ

በካርቶኖች ላይ የሚጻፈው የርቀት መጠን ለገዢ ማባበያ እንጂ ለሥራ መመሪያ አይደለም። እነዚህ ሞገዶች በአመዛኙ ቀጥታ የሚጓዙ በመሆናቸው ርቀቱን የሚወስነው ከፍታ ነው። በሜዳ ላይ ቆመው ሬዲዮውን 1.5 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የያዙ ሁለት ሰዎች፣ የመሬት ክበት እስኪያግዳቸው ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊነጋገሩ ይችላሉ። በኮንክሪት ሕንፃዎች መካከል ግን ርቀቱ እጅግ ያጥራል፤ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱም ጭራሹን ሊጠፋ ይችላል። በአንጻሩ ከእንጦጦ ላይ በ1 ዋት ብቻ የሚናገር ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በሩቅ ሊሰማ ይችላል። የዚያኑ ያህል በእንጦጦ ላይ ባልተፈቀደ ፍሪኩዌንሲ የሚናገር ሰው የሚያውከው አጠገቡ ያሉትን ብቻ ሳይሆን የከተማውን ሰፊ ክፍል ነው። ጉልበቱን ከ1 ዋት ወደ 4 ዋት ማሳደግ ምንም ግርዶሽ በሌለበት ቦታ እንኳ ርቀቱን ቢበዛ እጥፍ ያደርገዋል፤ ባትሪውን ግን በፍጥነት ይጨርሰዋል። በቅርብ ርቀት ለሚሠራ ቡድን ዝቅተኛው ጉልበት በቂ ነው።

ስለዚህ ለጉልበት ከሚወጣ ገንዘብ ይልቅ ለአንቴና የሚወጣው ይሻላል። ናጎያ ኤንኤ-771 የተባለውና 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አንቴና በተለይ በ136–174 ሜጋኸርዝ ክልል የጎላ ለውጥ ያመጣል፤ ሆኖም አስመስለው የተሠሩ በርካታ ቅጂዎች አሉት። በሬዲዮው አናት ላይ መሐሉ የወጣ ፒን ካለ የሚገዛው አንቴና መሐሉ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት፤ ዩቪ-5አር እንዲህ ነው። ረጅም አንቴና በወገብ ላይ ሲታጠቁት እየተጋጨ የአንቴናውን መትከያ ሊሰብረው ስለሚችል ቀኑን ሙሉ ለሚንቀሳቀስ ሠራተኛ አጭሩ ይመረጣል። አንቴናው ሳይገጠም የመናገሪያ ቁልፉን መጫን ግን የሬዲዮውን መላኪያ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

ባትሪን በተመለከተ የዩቪ-5አር 7.4 ቮልት፣ የቢኤፍ-888ኤስ ደግሞ 3.7 ቮልት በመሆኑ የአንዱን ቻርጀር ለሌላው መጠቀም አይቻልም። ሁለቱንም ሞዴሎች የያዘ መሥሪያ ቤት ቻርጀሮቹን በቀለም ለይቶ ምልክት ቢያደርግባቸው መልካም ነው። እንደ አፋር ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ሬዲዮን በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ለአደጋም ያጋልጣል።

የጆሮ ማዳመጫና በትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ስፒከር ማይክ የሚገጠሙት ፕሮግራም በሚደረግበት በዚያው ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ነው። ሶኬቱ ማዳመጫ ሳይገጠምበት ሲቀር በጎማ ክዳኑ ካልተሸፈነ የክረምት ዝናብ በቀላሉ ይገባበታል። በድምፅ ብቻ መላክ የሚጀምረው ቪኦኤክስ የተባለ ቅንብር በነፋስና በጫጫታ ራሱ ስለሚከፈት፣ ለጥበቃና ለበዓል ሥራ ተዘግቶ መቆየት አለበት።

ፕሮግራም የተደረገው ፋይል፣ የፈቃዱ ቅጂና የሬዲዮዎቹ ተከታታይ ቁጥር ዝርዝር በአንድ ማኅደር ውስጥ በንብረት ክፍል ሊቀመጡ ይገባል። ሬዲዮ የጠፋ እንደሆነ መጥፋቱ በዚያው ቀን ተመዝግቦ፣ በቀሩት ላይ ቶኑ ሊቀየር ይችላል፤ ያም ሆኖ በጠፋው ሬዲዮ የሚሰማ ሰው እንዳለ ታስቦ መነጋገር ያስፈልጋል።