«እገዳ ማንሻ» ወይስ ከፍታ መጨመሪያ? ስለ ባሌስትራ፣ ስለ ሞላና ስለ አሞርዛተር ስያሜዎች

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ሰላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሃና የሚሄድ መኪና ወደ ማጎ ሸለቆ ወርዶ፣ የማጎን ወንዝ ተሻግሮ መጓዝ አለበት። ዝናብ በጣለ ጊዜ መረሬው አፈር ጎማ ይውጣል፤ ጎርፍ የበላው መንገድም የመኪናን ሆድ ይመታል። በእንዲህ ያለ አገር ያረጀ የመስክ መኪና የሚያሠራ ሰው መኪናውን ፋብሪካው ከሰጠው ቁመት በላይ ከፍ ለማድረግ ቢፈልግ አያስደንቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ተሟልቶና በሣጥን ታሽጎ በውጭ አገር ይሸጣል፤ አብሮትም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአገጣጠም መመሪያ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚነሡትን የስያሜ ጥያቄዎች መመርመር ነው።

የዕቃው የእንግሊዝኛ ስም ሰስፔንሽን ሊፍት ኪት ነው። ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ ለመጀመሪያው ቃል «እገዳ»፣ ለሁለተኛው «ማንሻ» የሚል ፍች ያገኛል፤ ሁለቱን ሲያጋጥምም «የእገዳ ማንሻ» ይወጣለታል። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚታየው በአንድ ሠራተኛ ወይም በአንድ ማኅበር ላይ ተጥሎ የነበረ ክልከላ ሲሻር ነው እንጂ ጋራዥ አይደለም። ሐረጉ የሰዋስው እንከን ስለሌለበት ስሕተቱ ራሱን አያጋልጥም። የዚሁ ወንድም የሆነው «ድንጋጤ መምጠጫ» ግን ቢያንስ ያስቃል፤ ይኸውም ሾክ አብዞርበር ለተባለው ዕቃ የሚሰጥ ቃል በቃል ትርጉም ነው።

«እገዳ» ይቅርና «ማንጠልጠያ» እንበል የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። አስተያየቱ መነሻ አለው፤ በጥንቱ የአውሮፓ ሠረገላ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ሣጥን በቆዳ ጠፍር ይንጠለጠል ስለ ነበር ቃሉ ያን ጊዜ የሚታየውን ነገር ይገልጽ ነበር። የዛሬ መኪና ግን በሚተጣጠፍ ብረት ላይ ይቀመጣል እንጂ አይንጠለጠልም። አማርኛ ያን ሠረገላ ስላላሳለፈ ምሳሌውን ተርጉሞ ማስገባት የሌላውን ቋንቋ ታሪክ መበደር ይሆናል። ከዚህም ሌላ «ማንጠልጠያ» የሚለውን ስም የሚፈልግ ሌላ ዕቃ አለ። ባሌስትራ በአንድ ጫፉ በሻንሲው ላይ በቀጥታ ይታሰራል፤ በሌላው ጫፉ ግን ሲዘረጋና ሲሰበሰብ እንዲወዛወዝ በአጭር የብረት ማያያዣ ይያዛል፤ ይህ ማያያዣ በእውነት የሚንጠለጠል ነው። ስሙን ለጠቅላላው ሥርዓት ከሰጠነው ለዚህ ዕቃ የሚተርፍ ቃል አይኖረንም። ስለዚህ «ማንጠልጠያ» ለማያያዣው እንዲሆን፣ ጠቅላላው ሥርዓት ደግሞ ከሥራው ተነሥቶ «ማርገቢያ» እንዲባል እናስባለን። የመንገዱን ምት ያረግባልና። «ሰስፔንሽን» የሚለውም በመካኒኮች ዘንድ እየተለመደ ስለ ሆነ በመዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንቃወምም።

ለነጠላ ዕቃዎች ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም ባይ ነን። የአገራችን ጋራዥ ቋንቋ አብዛኛውን የተዋሰው ከጣሊያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ላሜራ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ባሌስትራም የጣሊያንኛ መነሻው ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ማለት ሲሆን ወደ መኪናው ያሻገረው የቅርጹ መጉበጥ ነው። አሞርዛተር ከረጅሙ የጣሊያንኛ ቃል መካከሉ ተቆርጦ ለአማርኛ አፍ የተመቸ ነው፤ በመነሻውም ማደንዘዝ፣ ማብረድ የሚል ስሜት አለው። ይህ ስሜት ከእንግሊዝኛው ስም ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። የመንገዱን ምት የሚቀበለው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነውና፤ የአሞርዛተር ሥራ ከምቱ በኋላ መኪናው ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን እንዳይቀጥል ማብረድ ነው። ስለዚህ ዋናው ቃል አሞርዛተር ሆኖ በፍችው ላይ «ውዝዋዜ አብራጅ» ቢባል ይበቃል።

ተውሶ ቃል ሁሉ በአገር ቃል ይተካ የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱ የሃናን አንባቢ ቢያስቡልን እንወዳለን። በዚያ አካባቢ ቦዲ፣ ሙርሲና ዲሜ ይነገራሉ፤ ጂንካ ላይ አሪ አለ። አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ «ባሌስትራ»ን የሚማረው ዕቃውን እየዳሰሰ ከመካኒክ አፍ ነው፤ በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ግሩም ቃል ግን ለእርሱ ሌላ የውጭ ቃል ነው።

ጋራዡ በአንድ ነገር ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። እንግሊዝኛ ስፕሪንግ ብሎ በአንድ ስም የሚጠራውን የአማርኛ መካኒክ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ተደራራቢው ልሙጥ ብረት ባሌስትራ፣ ጥምዝምዙ ሞላ ነው። (ሞላ የሚለው ከግሡ «ሞላ» ጋር በድምፅ መግጠሙ በጋራዥ ውስጥ ማንንም ሲያሳስት አልሰማንም።) ሙያ የሚያስፈልገውን ያህል ይለያል። ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ሙርሲዎች የቀለም ስሞቻቸውን የሚያስተሳስሩት ከከብቶቻቸው መልክ ጋር ነው፤ ከብቱን የማያውቅ ተርጓሚ ቀለሙን ሊመልስ አይችልም። መኪናውን የማያውቅ ተርጓሚም እንደዚሁ ነው። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ላንድ ሮቨሮች በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ ነበራቸው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1983 በአዲስ ሞዴል ወደ ሞላ ተሻገረ። እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተሠራው 40 ተብሎ የሚታወቀው ላንድ ክሩዘር ባለ ባሌስትራ ነው፤ እርሱን የተካው 70 ደግሞ በከባዱ ዓይነት ባሌስትራውን ይዞ ቆይቶ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ ሆነ። ስለዚህ ተርጓሚው ስፕሪንግ የሚለውን ከመመለሱ በፊት መመሪያው ስለ የትኛው መኪና፣ ስለ ስንት ዓመት ሥሪትና ስለ ፊት ወይስ ስለ ኋላ እንደሚናገር ማወቅ ይገባዋል።

«ከፍ ማድረግ» የሚለው ራሱ ሦስት ሥራዎችን ያደባልቃል። አንደኛው ባሌስትራውን ይበልጥ በጎበጠ መለወጥ፣ ቅጠል መጨመር ወይም ማንጠልጠያውን ማስረዘም ነው። ሁለተኛው በሻንሲውና በላዩ ባለው አካል መካከል ድጋፍ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ትልቅ ጎማ ማሰር ነው። ውጤታቸው አይመሳሰልም። በመሬቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጋጨው ከአክስሉ መካከል ያበጠው ዲፈረንሻል ነው፤ ባሌስትራ ሻንሲውን እንጂ ዲፈረንሻሉን አያነሣም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ሲሆን፣ በ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጎማም የሚያርቀው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ማንጠልጠያውም በ10 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ሻንሲው የሚያገኘው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በተጨማሪ የፊት አክስሉን ስለሚያዘነብለው የመሪውን ጠባይ ይለውጣል። «መኪናውን በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋል» ተብሎ ብቻ የተተረጎመውን ያነበበ ሾፌር ድንጋዩን አልፋለሁ ብሎ ዲፈረንሻሉን ሊሰብር ይችላል። «የሻንሲ ከፍታ»፣ «የአካል ከፍታ» እና «የአክስል ከፍታ» ተብሎ ቢለይ ግን ችግሩ ይወገዳል። ዕቃው በጠቅላላው «የሻንሲ ከፍታ መጨመሪያ» ሊባል ይችላል፤ ኪት የሚለውም «ሙሉ ዕቃ» ቢባል ማንም ይረዳዋል።

«ማንሣት» የሚለው ግሥ ለክሪክ ብቻ ቢቀር እንመርጣለን። ባሌስትራ በሚፈታበት ጊዜ ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቆማል፤ አክስሉ ደግሞ ለብቻው በክሪክ ተይዞ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። እንግሊዝኛው የቱ እንደሚነሣና የቱ እንደሚደገፍ እየለየ ሲናገር አማርኛው «መኪናውን አንሥቶ ባሌስትራውን መፍታት» ካለ ከሥር የሚተኛው ሰው ክብደቱ በምን ላይ እንደ ቆመ አያውቅም። ተሳቢው ሁልጊዜ በስሙ ይጠራ፦ ሻንሲውን ደግፍ፣ አክስሉን አንሣ፣ አክስሉን ዝቅ አድርግ። የፍሬን ቱቦውም ከአክስሉ ጋር ስለሚወርድ እንዳይወጠር ማየት የሚለው ትእዛዝ ከዚሁ ቀጥሎ መግባት አለበት እንጂ ወደ ገጹ ግርጌ መውረድ የለበትም።

ብሎን ማጥበቅን በተመለከተ አማርኛ ከማንም የማይበደረው ሀብት አለው። መመሪያዎች ሁለት ደረጃ ይለያሉ፤ ብሎኑ በመጀመሪያ እንዳይወድቅ ያህል ይያዛል፤ በመጨረሻ እስከ ተወሰነለት ልክ ይጠብቃል። በመካከሉ መኪናው ከመደገፊያው ወርዶ በራሱ ክብደት በጎማዎቹ ላይ መቆም አለበት። በባሌስትራው ጆሮ ውስጥ ያለው ጎማ መኪናው በአየር ላይ ሳለ ከተጨመቀ፣ ክብደት ሲያርፍበት ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳልና። ብዙ ተርጓሚዎች ሁለቱንም «አጥብቅ» ብለው ይመልሳሉ፤ ልዩነቱም ይጠፋል። ቋንቋችን ግን ከአንድ ሥር «ጠበቅ አደረገ» ብሎ ማለዘቢያውን፣ «ጥብቅ አደረገ» ብሎ ማጠንከሪያውን ያወጣል፤ «ሰበር አደረገ» እና «ስብር አደረገ» እንደሚባለው ማለት ነው። የባሌስትራውም መጉበጥ «ጎበጥ ያለ» እና «ጉብጥ ያለ» ተብሎ በዚሁ መንገድ ይለያል። ስለዚህ የመመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የማንጠልጠያውን ብሎኖች ጠበቅ አድርግ፤ ሻንሲውን ከመደገፊያው አውርደህ መኪናውን በጎማዎቹ ላይ አቁም፤ ከዚያ በኋላ ብሎኖቹን በተሰጠው ልክ ጥብቅ አድርግ።»