ከሳነቴ በፊት አንድ ቀን በዲንሾ ደን

ወደ ባሌ ተራሮች የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ከፍተኛው የሳነቴ አምባ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ማየት፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ፎቶ መነሳት፣ ከዚያ ጎባ ወይም ሮቤ ወርዶ ማደር። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ዲንሾ የመግቢያ ክፍያ የሚከፈልባትና ሻይ የሚጠጣባት የመንገድ ዳር ከተማ ሆና ትቀራለች። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለው የኮሶና የጥድ ደን ግን በእግሩ ለሚገባበት ሰው ሙሉ ቀን ይበቃል። ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከሳነቴ ይልቅ ከዚህ ደን ቢጀምር ይጠቀማል።

ዲንሾ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዶዶላና ከአዳባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ደኑ የሚነበበው በከፍታ ነው

ተራራ ላይ በየመቶው ሜትር ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ አምስት ወይም ስድስት መቶ ሜትር የወጣ ሰው ብርዱ ለምን እንደጨመረ፣ ዛፉም ለምን እንደተለወጠ በዚህ ይረዳዋል። በዲንሾ ዙሪያ ጥድና ኮሶ ተቀላቅለው ይበቅላሉ። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ጥዱ ይሳሳና ኮሶው ከቢጫ አበባው አምጃ ጋር ይቀራል። ከዚያም በላይ አስታ ይተካል። አስታው ቁመቱ እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ጅብራ የቆመበት የውርጭ አገር ቀርቧል ማለት ነው።

ተራራው በሁሉም ጎኑ አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ በኩል ያለው የሐረና ደን ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን እርጥበት ስለሚያገኝ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቀርከሃ አለው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ዘር ያልተዘራለት የጫካ ቡና ይገኝበታል። የዲንሾው የሰሜን ጎን ደረቅ ስለሆነ ጥድ ይስማማዋል። ሐረናን ለማየት ሳነቴን በመኪና አቋርጦ መውረድ ስለሚያስፈልግ ለሌላ ቀን ማቆየቱ ይሻላል።

ሁለት ዛፎችን በቅርበት

አብሯችሁ የሚሄደው አስጎብኚ ገና ሲጀምር አንድ ኮሶ ሥር ሊያቆማችሁ ይችላል። ግንዱ ወፍራምና ጠማማ፣ ቅርፊቱ ቀላ ያለና በቁራጭ የሚላጥ ነው። ከቅርንጫፎቹ ግራጫ ሽበት እንደ ሽማግሌ ጢም ይንጠለጠላል። ይህ ሽበት ዛፉን አይመጠውም፤ የሚኖረው ከጉምና ከዝናብ በሚያገኘው እርጥበት ነው። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። የሴቷ አበባ ወፈር ያለና ወደ ቀይ የሚያደላ ዘለላ ሲሆን፣ የወንዱ ሳሳ ያለና ነጣ ያለ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ ለኮሶ ትል አድርቀውና ወቅጠው ይጠጡት የነበረው የሴቷን አበባ ነው። መጠኑ ሲበዛ ጉዳት ስለሚያስከትል ዛሬ በሐኪም መድኃኒት ተተክቷል።

ቀጥሎ ጥዱን ተመልከቱ። ከተማ ያደገ ሰው ጥድ ሲባል ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን አጥር የሚያውቀው የፈረንጅ ጥድ ይመጣበታል። ያ ዛፍ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ሁለቱን ለመለየት ፍሬያቸውን ማየት ይበቃል። የፈረንጁ ጥድ ፍሬ ደረቅ፣ እንደ እንጨት ጠንካራና ሲበስል የሚሰነጠቅ ነው። የሐበሻው ጥድ ግን ትንሽ፣ ለስላሳና ሰማያዊ የሚመታው ፍሬ ያፈራል፤ ወፎችም ይበሉታል።

በየትኛው ሰዓት ምን ይታያል?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ከሚነሳው ብዙ የበለጠ ያያል። የደጋ አጋዘን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ወደ ግልጡ ወጥቶ ይግጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ወደ ጥላው ይመለሳል። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የባሌ፣ የአርሲና የሐረርጌ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም የለም። የሳይንስ ስሙን ያገኘውም ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ቀንዱ የተጠማዘዘ ነው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ያሉት ጥበቃ ስላላቸው ሰው ለምደዋል፤ ካልጮሁባቸውና ካልሮጡባቸው ዝም ብለው ይግጣሉ።

ጀማሪዎች የምኒልክ ድኩላን ከአጋዘኑ ጋር ያምታታሉ። ድኩላው በጣም ያንሳል፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለብቻው ነው። ሲደነግጥ የሚያሰማው ጩኸት የውሻ ስለሚመስል ጫካ ውስጥ የማን ውሻ ነው ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብዙ ነው። ከርከሮ ደግሞ የፊት እግሩን አጥፎ ተንበርክኮ ሲግጥ ይታያል።

የአስጎብኚው ሙያ ይበልጥ የሚታወቀው ጉጉት ሲፈለግ ነው። ጉጉት ቀን ላይ ግንድ ተጠግታ ስለምትተኛ ሽቅብ እያዩ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። አስጎብኚው መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ዛፍ ሥር ነጭ ኩስና የአውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ጥቅል ካገኘ ከዚያ ወደ ላይ ያያል። ጥቅሉን በስንጥር ሲፈለቅቁት የአይጥ ፀጉርና ጥቃቅን አጥንት ይወጣዋል፤ ጉጉቷ መፍጨት ያልቻለችውን ጠቅልላ የተፋችው ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ጆሮ የመሰለ ላባ ያላትን፣ በደጋ የምትኖረውን የሐበሻ ጉጉት የማግኘት ዕድል አለ።

ከደኑ ወጥቶ ወደ ዌብ ሸለቆ

እግራቸው የጠና ሰዎች ቀኑን ሙሉ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ዌብ ወንዝ ሸለቆ፣ ወደ ፊንጫ ሀበራ መውጣት ይችላሉ። በዚያ 3,400 ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ የድንጋይ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር አሳይቷል። የተራራው ጫፍ በበረዶ ግግር በተሸፈነበት ዘመን፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኝ ቦታ ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ዋና ምግባቸው በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ የተጠበሱ አጥንቶቹ በዋሻው ተገኝተዋል። ዛሬ ያንኑ ፍልፈል የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩትም በባሌ ነው።

ከመነሳት በፊት

የመግቢያ ክፍያው በጽሕፈት ቤቱ ይከፈላል፤ ደረሰኙን ያዙ። ያለ አስጎብኚ መግባት አይፈቀድም። የአስጎብኚና የፈረስ ዋጋ ከመንገዱ ርዝመት ጋር ቀድሞ ይነገር፣ ይስማሙበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሚጥል ጋቢም ወፍራም ካፖርትም ያስፈልጋል። በዝናቡ ወራት ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ የዝናብ ልብስና ጭቃ የሚችል ጫማ የግድ ነው። ውኃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካለም ይያዝ። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስና ሽቶ ይቅር።

የአየሩ ግፊት ዲንሾ ላይ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ወደ 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ራስ ምታትና ድካም ቢሰማው አይደንግጥ፤ ቀስ ብሎ ይራመድ፣ ውኃ ይጠጣ። ሕመሙ ከጨመረ መውረድ ነው እንጂ መበርታት አይደለም።

የእግር ጉዞው ገንዘብ ለአካባቢው ሰው ይደርሳል፤ ለአስጎብኚው፣ ለፈረስ ባለቤቱ፣ ምግብ ለሚያዘጋጁት። ይህ ለደኑም ይጠቅማል፦ በደኑ የሚሰማራው ከብት እየበዛ ሲሄድ የኮሶ ችግኝ በሰኮና ይረገጣል፣ ይጋጣልም፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ያጣል። ስለዚህ ደኑ ቆሞ የሚያስገኘው ገቢ ባደገ መጠን ለችግኙ የሚቆረቆር ሰው ይበዛል። ጉዳዩ የዲንሾ ብቻ አይደለም፤ ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ውኃቸውን ከእነዚሁ ተራሮች ያገኛሉ።

ሦስት ቀን ያለው ሰው የመጀመሪያውን ለደኑ፣ ሁለተኛውን ለዌብ ሸለቆ ይስጥ፤ ሳነቴን በሦስተኛው ቀን ይውጣ። በዚያ ጊዜ ሰውነቱ ከፍታውን ይለምዳል፤ ዓይኑም ከሩቅ የታየ ቡናማ ነገር ድንጋይ ይሁን እንስሳ መለየት ይጀምራል። 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዛፉ የት ላይ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ሳይነገረው ያውቃል።