ጭልፊት ቢቧጭረን ያሳብዳል?

ሰሞኑን ዳንግላ ላይ አንዲት እናት እጃቸው ተቧጭሮ መጡ። ከስጋ ቤት ሲመለሱ ጭልፊት ስጋውን ከነፌስታሉ ነጥቋቸው ነው። "ዶክተር፣ ያሳብዳል እንዴ?" አሉኝ።

አያሳብድም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከውሻ፣ ከድመትና ከመሳሰሉት አጥቢ እንስሳት ነው፤ ከወፍ አይመጣም። ግን ጥፍሩ ቆሻሻ ሲጭር የዋለ ስለሆነ ቁስሉን በሳሙና አጥበን የቴታነስ ክትባት ሰጠናቸው።

አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ደግሞ "መርዝ አስቀምጠን ብንገላገልስ?" አለ። እንዳታደርጉት! መርዙ ጭልፊቱን ብቻ አይመርጥም፤ ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል። ህንድ ውስጥ በ1990ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጥንብ አንሳዎች ያለቁት በዳይክሎፌናክ ነው፤ አዎ፣ እኛ ለወገብ ህመም የምንወጋው። ለከብት ይሰጥ ነበር፣ የሞተውን ከብት የበሉት አሞራዎች ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ረገፉ። የተረፈውን ጥንብ ማን ወረሰው? ውሻ። ውሻ ሲበዛ ንክሻውም በዛ።

እንጅባራም ዳንግላም ወፎቹን የሚጠራቸው እኛው የምንጥለው ነው። በበዓል ቅርጫ ስታርዱ ፈርሱንና አንጀቱን ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት እንጂ ሜዳ ላይ አትጣሉት፤ ውሻም ይሰበስባል። ስጋ ስትገዙ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ፣ ልጅ አትላኩ።

ውሻ ከነከሳችሁ ግን ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። "መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር" የሚል አለ፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ እኛም የምንሰጠው የሚያድን መድኃኒት የለንም።